ከሻወሩ ትዕይንት በኋላስ? ጥቃት የደረሰባትን ልጅ ለቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ

ባለስክሪፕቷ (ካዛንቺስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ26 ክፍል ተከታታይ ድራማ እያረምን ነው፤ ታሪኩ ፒያሳና አራት ኪሎ መሀል ይሄዳል። ክፍል 4 ላይ የ24 ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ ቢሮ ውስጥ በአለቃዋ ትደፈራለች። ድርጊቱን አናሳይም፤ በሩ ሲዘጋ ይቆረጣል። በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። የተጣላነው ከዚያ በኋላ ባለው ነው።

የአሁኑ ረቂቅ እንዲህ ይሄዳል፦ ቤት ትገባለች፣ ሻወር ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በማግሥቱ እናቷ ታውቅና ሆስፒታል ትወስዳታለች። ስትጮኽ ሐኪሙ ማስታገሻ ይወጋታል፤ ፖሊስ መጥቶ አልጋዋ ላይ እንዳለች ቃሏን ይቀበላል። ክፍል 5 ላይ ሰውዬው ይታሰራል። ክፍል 7 ላይ ጠበቃዋ ችሎት ውስጥ ሲጮኽላት ይውልና ይፈረድበታል። ከክፍል 8 ጀምሮ ጉዳዩ ጭራሽ አይነሳም፤ አዲስ ፍቅረኛ ይመጣል።

የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? ሕክምናው፣ ሕጉ፣ ትዝታው በፍላሽባክ የሚመጣበት መንገድ፣ እናትና ልጅ የሚነጋገሩባቸው ቃላት፣ ሁሉንም ማወቅ እፈልጋለሁ። የሕክምናም የሕግም የካሜራም ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

—

ሲስተር መ.፦

ሰላም እህቴ። ሻወሩን አታውጪው። ታጥበው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ መታጠቧ እውነት ነው። ስሕተቱ ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ላይ ነው። ድራማ ላይ ነርሷ ወይ ፖሊሱ "ለምን ታጠብሽ? ማስረጃውን አጠፋሽው!" ይላታል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ታጥባ ቤቷ የተቀመጠች ልጅ ይህን ከሰማች "በቃ፣ ብሄድም ዋጋ የለውም" ትላለች። መታጠብ ከማስረጃው የተወሰነውን ይቀንሳል እንጂ ሁሉን አይጠርግም። የለበሰችው ልብስ አለ፣ የውስጥ ሱሪዋ አለ፣ ሰውነቷ ላይ ያለው ጭረትና ብልዘት አለ። ደግሞም የምትመጣው ለማስረጃ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ለመድኃኒቱ ነው።

ሰዓቱን ስክሪፕቱ ኅዳግ ላይ ጻፉት። ጥቃቱ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ከሆነ 72 ሰዓቱ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሞላል። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት ከዚያ በፊት መጀመር አለበት፤ ዓርብ ጠዋት መጀመር ደግሞ ከእሑድ ይሻላል። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን ተጠቃለው በቀን አንዴ ለ28 ቀን ይወሰዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው መሀል ላይ የሚያቆመውም በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሲጀመር የሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራ የሚያሳየው ከጥቃቱ በፊት የነበረውን ነው። በማግሥቱ "ነጻ ነሽ" ተብላ እናቷን አቅፋ የምታለቅስበት ትዕይንት ስለዚህ ውሸት ነው። ድጋሚ ምርመራ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር አለ። እርግዝና መከላከያው ሌቮኖርጀስትሬል 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ሰው ፖስትፒል የሚለው። እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ ከ3ኛው ቀን በኋላ ግን ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። በወሰደች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት መደገም አለበት። ለድራማ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፦ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቆማ ስልኳ ላይ ሰዓት የምትቆጥር ልጅ። ለአባላዘር በሽታዎች መርፌና ክኒን ይሰጣታል፤ ቁስል ካለ የቴታነስ ክትባት ይጨመራል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። እናንተ ክፍል 8 ላይ ጉዳዩን ስትረሱት እሷ ገና ሁለት ቀጠሮ ይቀራታል።

ምርመራው ላይ ስንመጣ፣ እያንዳንዱ እርምጃ በፈቃዷ ነው። አንዱን እሺ ብላ ሌላውን እምቢ ማለት ትችላለች፤ እምቢ ስላለች መድኃኒቱ አይከለከላትም። ልብሷን የምታወልቀው መሬት ላይ በተነጠፈ ንጹሕ ወረቀት ላይ ቆማ ነው፤ ከልብሱ የሚረግፍ ፀጉርም ክርም እዚያው ይቀራል፣ ወረቀቱም ታጥፎ ይታሸጋል። እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው ወረቀት ከረጢት ውስጥ ይገባል። ፌስታል አይሆንም። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ልብሱ ይሻግታል፣ ዘረመሉ ይበላሻል። የዕቃ ክፍላችሁ ጥቁር ፌስታል አዘጋጅቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይለወጥ። ከረጢቱ ላይ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ያሸገው ሰው ፊርማ ይሰፍራል። አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ድራማ ይረሳዋል፦ ልብሷ እዚያ ከቀረ ምን ለብሳ ነው የምትወጣው? አንድ ሰው ቅያሪ ማምጣት አለበት። የማይሆናት ሹራብና ከእግሯ የሚበልጥ የሰው ነጠላ ጫማ አልብሷት፤ ያ ብቻውን ከአሥር መስመር ንግግር ይበልጣል።

"ድንግል ነበረች፣ አልነበረችም" የሚል ሐኪም ካለ ስክሪፕቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አይኑረው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር ጠይቀዋል። ለአካለ መጠን በደረሰች ሴት ላይ ምንም ጉዳት ላይታይ ይችላል፤ "ጉዳት አልተገኘም" የሚል ወረቀትም "ጥቃት አልደረሰም" ማለት አይደለም። ማስታገሻ መርፌውንም አውጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ እንደ ዲያዜፓም ያሉት መድኃኒቶች ለእንዲህ ያለ ድንጋጤ በመጀመሪያው ወር እንዳይሰጡ ይመክራል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ተራ ድንገተኛ ክፍል ከምትቀርጹ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሉ ያለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አድርጉት። ከስታዲየም ሳይርቅ መሀል ከተማ ስለሆነ ለታሪካችሁም ይመቻል። የሕክምና፣ የሥነ ልቦና፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሰዎች አንድ ቦታ የሚሠሩት ልጅቷ በየቢሮው እየዞረች ያንኑ ታሪክ እንዳትደጋግም ነው።

—

የልደታው፦

ሲስተር ሰዓቱን ስላስቀመጡት እኔ ወደ ቀጠሮው ልሂድ።

የወንጀል ሕጉ የ1996 ዓ.ም. ነው፣ አንቀጽ 620። መነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተጎጂዋ በአጥፊው ቁጥጥር ሥር ያለች ወይም የእሱ ጥገኛ ከሆነች ከ5 እስከ 20 ይደርሳል። የእናንተው ሰውዬ አለቃዋ መሆኑ ወደዚህ ያስገባዋል ወይስ አያስገባውም? ዐቃቤ ሕጉና የተከሳሽ ጠበቃ ሊከራከሩበት የሚችሉት ይህ ነው፤ "ፍትሕ!" ብሎ ከመጮኽ ይልቅ እሱን ጻፉት። አንቀጹ ኃይልን ወይም ብርቱ ዛቻን ብቻ አይደለም የሚለው፤ ራሷን እንዳታውቅ ወይም ለመከላከል እንዳትችል ማድረግንም ይጨምራል። ስለዚህ "ለምን አልታገልሽም?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ዐቃቤ ሕጉ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ። "ከጋብቻ ውጭ" የሚል ሐረግም አለበት፤ ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም ማለት ነው። የጎረቤቷን ታሪክ ለማስገባት ካሰባችሁ ይህን አስታውሱ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ከዚያ ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ሰውዬው በዋስ ሊወጣ ይችላል። ይህን አብዛኛው ድራማ ይዘለዋል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ "ታሰረ" የሚለውን ሰምቶ እንዲተኛ ይፈለጋል። ክፍል 6 ላይ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ሦስት ሰው ቀድሟት ቆሞ ብታገኘውስ? ተራው ሲደርስ አብራው ትሳፈራለች ወይስ ከሰልፉ ትወጣለች?

ጠበቃዋን አንሡት። ክሱ የመንግሥት ነው፤ የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግ ነው። እሷ መዝገቡ ላይ የግል ተበዳይ ናት፣ ችሎት ላይ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ምስክር። መዝገቡ የእሷ አለመሆኑን የምታውቅበት ቅጽበት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው፦ ቀጠሮው ሲተላለፍ እሷን የሚያማክር የለም። ጁሪ የሚባል፣ ከሕዝብ ተመርጦ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስን ቡድን እኛ ዘንድ የለም፤ "ክቡራትና ክቡራን" እያለ ወዲያ ወዲህ የሚንጎራደድ ጠበቃ ከውጭ ፊልም የተገለበጠ ነው። የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ችሎቱ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይፈቅዳል። ስለዚህ መላው ሰፈር ተሰብስቦ የሚያጨበጭብበት አዳራሽ አያስፈልጋችሁም። ታናሽ እህቷን ምስክር ለማድረግ ካሰባችሁ ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ለሕፃናት የተለየ አሠራር አለው፦ ልጅቱ በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ትመሰክራለች፣ ጥያቄውም በባለሙያ በኩል ይደርሳታል።

ሽምግልና ካልገባ የአዲስ አበባ ድራማ አልጻፋችሁም። የሰውዬው ዘመዶች እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ "ልጃችን ተሳስቷል፣ እግዜር ይይላችሁ" ይላሉ። እዚህ ላይ አትሳሳቱ፤ ይህ ወንጀል በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ አይደለም። እናትየው "ይቅር ብለናል" ብላ ብትፈርምም ክሱ በሕግ አይቀርም። ማድቤት ቆማ ቡና ስታፈላ ሽምግልናውን የሰማችው ምስክር ግን በቀጠሮው ቀን "አላስታውስም" ትላለች። መዝገብ የሚሞተው በወረቀት አይደለም፤ እንዲህ ነው።

እርግዝና ከመጣ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር ለተከሰተ እርግዝና ማቋረጥን ይፈቅዳል። አንቀጽ 552 ደግሞ የሴትየዋ ቃል ብቻውን በቂ ነው ይላል። "መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጪ" ብሎ የሚመልሳት ሐኪም ካስገባችሁ ተሳስቶ እንደሆነ ድራማው ራሱ ያሳይ፤ አለዚያ ተመልካቹ ሕጉ ነው ብሎ ይይዘዋል።

—

ሞንታዥ፦

ጠበቃም ሲስተርም የጻፉት ይከበራል፤ ግን ሁሉን ካስገባችሁት የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ነው የሚሆነው። 35 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት በስሙ የሚጠራ ገጸ ባሕርይ አንዴ ይበቃል። የቀረው በዕቃ ይነገር። የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ የተሰረዙ ቀኖች 28ቱን ይነግሩናል፤ ነርሷ "ለ28 ቀን" ብላ አንዴ ካለች ሌላ ማስረዳት የለም። ሒሳብ ሠራተኛ ናት አይደል? ክኒኗን እንደ ጥቃቅን ወጪ መዝገብ ላይ ትመዝግባ፤ ቀን፣ ብዛት፣ ቀሪ።

ሙዚቃውንም ቀንሱት። ዋሽንቱ በገባ ቁጥር ተመልካቹ "እሺ፣ አሁን ላዝን ነው" ብሎ ይዘጋጃል።

—

አማካሪ ከቀበና፦

የትዝታውን ጥያቄ ማንም አልነካው።

መጀመሪያ ስለ መጮኽ። ብዙ ሰው አደጋ ሲመጣበት አይሮጥም፣ አይታገልም፤ ይደርቃል። ድምፅ እምቢ ይላል፣ እጅ እምቢ ይላል። ይህ ፈቃደኝነት አይደለም፤ ሰውነት በራሱ የሚወስደው እርምጃ ነው። በኋላ ልጅቷን ከሁሉ በላይ የሚያብከነክናትም ይኸው ነው፦ "ለምን አልጮኽሁም?" ጥያቄው ከፖሊሱ አፍ ከሚወጣ ከራሷ ቢወጣ ይበልጥ ያማል፤ መልሱን ደግሞ አንድ የሚያውቅ ሰው ይስጣት።

ማልቀስም ግዴታ አይደለም። ዓርብ ጠዋት ተነሥታ ሥራ ልትገባ ትችላለች። ወር መጨረሻ ከሆነ የባንክ ማስታረቂያ ትሠራለች፣ ሦስት ጊዜ ደምራ ሦስቱም ይለያይባታል፣ የሥራ ባልደረባዋ ቀልድ ሲያወራ ትስቃለች። በኋላ ይህ ሳቅ ችሎት ላይ "በማግሥቱ ስትስቅ ታይታለች" ተብሎ ሊመጣባት ይችላል፤ ክፍል 5 ላይ ያየነው ነገር ክፍል 15 ላይ ሲመለስ ተመልካቹ አውቆት ይቆያል።

ፍላሽባክ። አብዛኛው ድራማ ትዝታን እንደ ጥበቃ ካሜራ ነው የሚያሳየው፦ ከጣሪያ ላይ፣ ሙሉ፣ በቅደም ተከተል፣ የራሷ ፊት ሳይቀር እየታየ። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው በራሱ ዓይን ያየውን እንጂ የራሱን ፊት አይደለም። እንዲህ ያለ ትዝታ የሚመጣው ተቆራርጦ ነው፦ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲሞቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ የእጅ ሳሙና ሽታ፣ የመጋረጃው ጫፍ። ሰዓቱ ሊጠፋባት፣ ቅደም ተከተሉ ሊዛባባት ይችላል፤ የሳሙናው ሽታ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም ይታወቃታል። ለአርታኢው ደንብ አውጡለት፦ ከዓይኗ ከፍታ ብቻ፣ ከ2 ወይም 3 ሰከንድ ያልበለጠ፣ ማጀቢያ የሌለው፣ ምንጩ ሁልጊዜ አሁን የሚሰማ ወይም የሚሸት ነገር። ታሪኩ ማስረጃ ስላጠረው ብላችሁ ክፍል 18 ላይ ድንገት የተሟላ ትዝታ አታምጡላት።

መርማሪዋ "ከዚያስ? ከዚያስ?" እያለች በቅደም ተከተል ከጠየቀች ልጅቷ ትሳሳታለች፤ የተሳሳተ ቃልም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሠለጠነች መርማሪ "የምታስታውሺውን ከፈለግሽበት ጀምሪ። ምን ሰማሽ? ምን ሸተተሽ?" ነው የምትለው። ሁለት ትዕይንት ጎን ለጎን ብታደርጉት የሁለቱ ጥያቄ ልዩነት ያለ ማብራሪያ ይታያል።

በሁለተኛው ቀን "ፒቲኤስዲ (ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) አለባት" የሚል ባለሙያ አታስገቡ። ለዚያ ምርመራ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየት አለባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጋት እንቅልፍ፣ የሚታመን ሰው፣ ደኅንነትና በግድ ያልሆነ ወሬ ነው። "ተናገሪው፣ ይውጣልሽ" ብሎ አስቀምጦ አንዴ ሁሉን ማናዘዝም አይመከርም። ድራማ ግን ይወደዋል፤ ብቻዋን የምትናገረው ባለ ስድስት ደቂቃ ሞኖሎግ ለተዋናይዋ ሽልማት ያስገኛል።

ፀበሉን እንደ ኋላ ቀርነት አታሳዩት፤ እንደ መድኃኒትም አታሳዩት። ብዙ እናት መጀመሪያ የምታስበው ፀበል ነው፤ ለልጅቷም የሚያሳርፋት ሊሆን ይችላል። አደጋው ክኒኑ ሲቋረጥ ነው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ "ክኒኑን ይዘሽ ነይ" የሚል አባት ብታስገቡ ከአየር ላይ የፈጠራችሁት አይሆንም።

ስለ ቃላት። "ክብሯን ተገፈፈች" የሚለውን ተራኪም ዜና አንባቢም አይበል፤ ክብሩን ያጣው ሌላ ሰው ነው። "አስገድዶ መድፈር" የፖሊስና የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው፤ እዚያ ይሁን። "ከጥቃት የተረፈች" የሥልጠና አዳራሽ ቃል ነው፤ ማንም እናት ማድቤት ውስጥ እንዲህ አትልም። እናት "ምን አደረጉሽ?" ትላለች፣ ለእህቷ በስልክ "ልጄን ጉድ ሠሯት" ትላለች፤ ቀጥላ ደግሞ "ማን ሰማ?" ትላለች። ልጅቷ ራሷ ለብዙ ክፍል "ያ ነገር"፣ "የዚያን ቀን" እያለች ትቆይ። ድርጊቱን በስሙ የምትጠራበት የመጀመሪያ ጊዜ መቼ እንደሆነ አሁኑኑ ወስኑ፣ ከዚያ በፊት ማንም ቀድሞ አይጥራባት።

በጭለማ መንገድ ያለ የማይታወቅ ሰው ስላላደረጋችሁት ደግሞ ጥሩ ሠርታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 10 ከመቶው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ያገቡት ደግሞ ከሁሉ በላይ የጠቀሱት የገዛ ባላቸውን ነው።

—

ረዳት ዳይሬክተር (ሜክሲኮ)፦

ሁለት ነገር ብቻ።

ብልዘቱ። የሜካፕ ባለሙያችሁ ከውጭ ቪዲዮ አይቶ ሐምራዊ እንዳይቀባ፤ በጠይም ቆዳ ላይ ቀለም ሆኖ ይታያል። ጠቆር ያለ ቡናማና ቀላ ያለ እብጠት ይሻላል፤ ካሜራው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይያዘው። ብልዘት ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ በማግሥቱ ብቅ ሊል ይችላል፣ ቢጫነቱ ከ18 ሰዓት በፊት አይመጣም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ትዕይንቶቹን ከቅደም ተከተል ውጭ ስለምትቀርጹ ለእያንዳንዱ የታሪክ ቀን የሜካፕ ፎቶ ይኑራችሁ፦ ቀን 1፣ ቀን 2፣ ቀን 5፣ ቀን 12። የማይቀየር ብልዘት ለሦስት ክፍል ተሸክማ የምትዞር ልጅ ማየት ሰልችቶናል። ፊቷ ላይ ደግሞ አታድርጉት፤ የጣት ምልክት ክንዷ ላይ ይበቃል፣ እጅጌዋን ስትጎትት ይታያል።

የተዋናይዋ ነገር። ድርጊቱን ባታሳዩም በሩ እስኪዘጋ ያለው፣ ከዚያም የምርመራ ክፍሉ ትዕይንት ከባድ ነው። ከቀረጻው ቢያንስ ከሳምንት በፊት የት እንደሚነካት፣ ምን እንደምትለብስ፣ ካሜራው ከየት እንደሚቆም በጽሑፍ ይሰጣት፤ ፊርማ ይኑረው። በቀረጻው ቀን የተጨመረ ነገር አይሠራም። ክፍሉ ውስጥ ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ ድምፅና አልባሳት ብቻ ይግቡ፤ ሞኒተሩ ከአንድ በላይ አይሁን፤ ስልክ ውጭ ይቅር። እንቅስቃሴው እንደ ጭፈራ በቁጥር ይለማመዱት፤ እሷ ወይ እሱ "ቁም" ሲሉ ያለ ጥያቄ ይቆማል። አንዱ ትዕይንት ሦስት ጊዜ ከተቀረጸ ዕረፍት። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ትዕይንት የተለየ አስተባባሪ መድቧል፤ እኛ ጋ በጀት ከሌለ ተዋናይዋ የመረጠቻት አንዲት ሴት ያንን ሥራ ትያዝ፤ ዳይሬክተሩን የማትፈራ ትሁን እንጂ።

በክፍሉ መጨረሻ የእርዳታ ስልክ ልታወጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መስመር፣ በጽሑፍ ብቻ አታልፉት፤ በድምፅ ይነበብ። የሚተላለፍበት ሳምንት ላይ ደውላችሁ እንደሚነሣ አረጋግጡ። ደግሞ ከማስታወቂያው በፊት ይሁን፤ ማስታወቂያ ሲገባ ሰው ቻናል ይቀይራል።

—

ባለስክሪፕቷ (ካዛንቺስ)፦

እግዜር ይስጥልኝ። የክፍል 7ን ፍርድ ወደ ክፍል 24 ገፋሁት፤ ፍቅረኛውን አወጣሁት። ሞንታዥ፣ የጥቃቅን ወጪ መዝገቡ ገብቷል። ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ልጅቷ የምትኖረው ከእናቷና ከሁለት እህቶቿ ጋር በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ክኒኑን ለእናቷ እስክትነግራት ለአንድ ሳምንት ትደብቀዋለች። ይቻላል? እናትየው ስታገኘውስ ምን ታስባለች?

—

ሲስተር መ.፦

ይቻላል፣ ግን ድምፁ ያጋልጣታል። ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ሲነቃነቅ ይንኳኳል። ሰዎች ጥጥ ይጠቀጥቁበታል፣ ወይም ክኒኑን አውጥተው በወረቀት ይጠቀልሉታል። ጠቅልላ ካስቀመጠችው ግን እርጥበት እንዳይነካው አድርጊ፤ ከውኃ ጄሪካኑ አጠገብ አይሆንም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መውሰድ ስላለባት የስልኳ ማንቂያ ይጮኻል፤ ታናሽ እህቷ "ምንድን ነው ሁልጊዜ ማታ 3 ሰዓት የሚጮኸው?" ትበላት።

እናትየው ጠርሙሱን ስታገኝ መደፈርን አይደለም የምታስበው። ያንን ጠርሙስ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ የኤችአይቪ መድኃኒት መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ የምትጠይቀው "ማን ነው ይህን ያደረገሽ?" ብላ አይደለም። "ከመቼ ጀምሮ ነው የታመምሽው?" ነው የምትለው። ልጅቷ ከዚያ ነው ማስረዳት የምትጀምረው፣ ከተሳሳተው ጫፍ። ጠርሙሱን እናትየው እጅ ላይ አቆዩት፤ ስትሰማ ትነቀንቀው፣ ስንት እንደቀረ እኛም በድምፁ እንስማ።